መጀመሪያ ቀለቡን ጠይቁ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መዝገብ ቤት ስለሆነ፣ እዚህ ጅማ ታሪክ የሚያጠኑ ልጆች የድሮ ወረቀት ነገር ሲቸግራቸው ወደ እኔ ብቅ ይላሉ። ሰሞኑን አንዱ በድሮ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ላይ ስለነበሩት ማሪኖች፣ ማለትም መርከብ ላይ ስለሚያገለግሉት ወታደሮች፣ ሊጽፍ እንደሆነ ነገረኝ። በጣም ደስ አለኝ። ለእሱ ያልኩትን ለሁላችሁም ልበላችሁ።

የያዘው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ውጊያ ነበር። የትራፋልጋር የባሕር ውጊያ፣ በፈረንጆቹ 1805፣ ጭስ፣ መድፍ። እነዚህ ሰዎች ግን ውጊያ የሚገጥማቸው አንዳንዴ ነው፤ ዘብ ግን በየቀኑ ይቆማሉ። ማሪኑ ጠመንጃውን ይዞ የካፒቴኑ ክፍል በር ላይ ይቆማል። የባሩድ ማከማቻውን ይጠብቃል። የመጠጡን መጋዘንም እንዲሁ። ገመድ ይጎትታል፣ መልሕቅ ሲነሳ ይገፋል፤ ሸራ ለማጠፍ ምሰሶ ላይ ውጣ ተብሎ ግን አይገደድም። መርከበኞቹ ቢያምጹ በእነሱና በመኮንኖቹ መሃል የሚቆመው እሱ ነው። መኝታው እንኳ በሁለቱ መሃል ነበር። አስቡት እስቲ፤ አብሯችሁ ገመድ የሚጎትት ሰው ላይ ነገ ተኩሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ከዚህ ሰው ጋር ወራት ሙሉ በአንድ መርከብ ላይ እንዴት ይኖራል? እኔን ከመድፉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስታዩም እኮ ስለ ንጉሡ ብቻ ነው የምትጠይቁት። በሩን ማን ይጠብቅ ነበር፣ ሌሊት ማን ይቀይረው ነበር የሚል ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

መልሱ ያለው መዝገብ ውስጥ ነው። ለንደን፣ ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የየመርከቡን የስም መዝገብና የካፒቴኖቹን የዕለት መዝገብ አስቀምጧል። በስም መዝገቡ ላይ ማሪኖቹ ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። ማን ገባ፣ ማን ሞተ፣ ማን ጠፋ፣ ለልብስና ለትምባሆ ከደመወዙ ስንት ተቆረጠበት፣ ሁሉም አለ። ከ1755 ጀምሮ ማሪኖቹ ቻተም፣ ፖርትስመዝና ፕሊመዝ በሚባሉ ሦስት የጦር ሰፈሮች ተደልድለው ነበር። ሰውየው የየትኛው ሰፈር እንደሆነ ሳታውቁ ፍለጋ ብትጀምሩ ትለፋላችሁ።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። እስከ 1805 ድረስ የእንግሊዝ መርከብ ቀኑን የሚጀምረው እኩለ ቀን ላይ ነው። ስለዚህ መዝገቡ «ኦክቶበር 22 ከሰዓት በኋላ» ካለ፣ የብስ ላይ ላለው ሰው ገና 21 ነው። የእኛን ሰዓትና የፈረንጁን ስታመሳክሩ ስላደጋችሁ፣ ይሄ እንኳ አይከብዳችሁም።

ቀለቡ ላይ ግን ረጋ በሉ። ደንቡ በቀን አንድ ፓውንድ ደረቅ ብስኩትና አንድ ጋሎን ቢራ ይላል። ማክሰኞና ቅዳሜ የበሬ ሥጋ አለ፤ እሑድና ሐሙስ የአሳማ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የለም። ያ ልጅ ረቡዕና ዓርብን ሲያይ «ይጾሙ ነበር ማለት ነው!» አለኝ። ዝቅ ብለህ አንብብ አልኩት። በእነዚያው ቀናት ከአጃውና ከአተሩ ጋር ቅቤና አይብ ይታደላል። ጾም ሳይሆን የቀለብ አሰጣጥ ነው። የሌላ አገር መዝገብ ስታነቡ የራሳችሁ ቤት በዓይናችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ቀጣዩን መስመር ሳታነቡ አትጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛም ባሕር ኃይል ነበረን፤ ምጽዋ ላይ ያገለገሉ አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። የምታውቁት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። ስለ ጦርነቱ አትጀምሩ። «ጋሼ፣ ሌሊት ዘብ ስንት ሰዓት ትቆሙ ነበር? ውሃ እንዴት ይታደል ነበር? ሙቀቱ ሲበረታ የት ትተኙ ነበር?» በሉ። የሰማችሁበትን ቀን ጻፉ። ስማቸው እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ።