የተዋናዮቹን ፊት አውጪውና ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ ባነርና ቢዝነስ ካርድ የሚሠራበት ቤት ነው የምውለው። ማታ ማታ ለራሴ የድሮ ፊልሞችን ፖስተር በአዲስ መልክ መሥራት ጀምሬያለሁ። ፎቶሾፕ አያቅተኝም። ግን ጨርሼ ሳየው ያው የድሮው ፖስተር ነው፣ ፊቶቹን ቆርጬ በሌላ ቀለም የለጠፍኩት። የአማርኛው ርዕስ ደግሞ ሁሌም ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጣደ ይመስላል። እርስዎ ከየት ነው የሚጀምሩት?

መልስ፦ አብሽሪ፣ እጅሽ ምንም አልሆነም። ኮምፒውተሩን ቶሎ ከፍተሽዋል፣ በቃ።

እኔ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ነው የማየው። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ፈንዲሻዬን ይዤ። ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍቼ ደብተር ይዤ። ደብተሩ ላይ ታሪኩን አልጽፍም፣ የማየውን ዕቃ ብቻ ነው የምመዘግበው፦ ደረጃ፣ የተጠቀለለ ፀጉር፣ እቅፍ አበባ። ደጋግሞ የሚመለስ ነገር ካለ አከብበታለሁ። ፖስተሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ክብ ውስጥ ነው።

እነዚህን ሦስቱን የጻፍኩት የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክን ፊልም፣ ቨርቲጎን (ራስ ማዞር ማለት ነው) ሳይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1958 የወጣ፣ ከፍታ የሚያስፈራው መርማሪ ታሪክ። ፖስተሩን የሠራው ግራፊክ ዲዛይነሩ ሶል ባስ ነው። ተዋናዮቹ ጄምስ ስቱዋርትና ኪም ኖቫክ ያኔ ፊታቸው ብቻ ቲኬት ያሸጥ ነበር፤ እሱ ግን ፊታቸውን ትቶ ብርቱካናማ መደብ ላይ የሚሽከረከር ነጭ መስመር አደረገ፣ መሃሉ ላይ የሚወድቅ ጥቁር የሰው ቅርጽ። ፊልሙን ያላየ ሰው ራሱ ያዞረዋል።

ከአራት ዓመት በፊት ይሄንኑ ሞክሬው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የሰውየውን ጥምዝ ስገለብጥና ቀለም ስቀይር ቆየሁ፣ ልክ እንዳንቺ። ከዚያ አንድ ቀን ከደሴ ወደ እናንተ በሚኒባስ ስወርድ ጋቢና ነበርኩ፤ ሐረጎ ላይ መንገዱ ሲጠማዘዝ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ሂሳብ ይቆጥራል፣ እኔ ገደሉን እያየሁ የወንበሩን ጠርዝ አንቄ ይዣለሁ። ይሄማ ራሱ ቨርቲጎ ነው አልኩ። ቤት እንደገባሁ መንገዱን ከላይ እንደሚታይ አድርጌ በእርሳስ ሳልኩት፣ ጥምዞቹን ወደ መሃል እያጠበብኩ፣ መጨረሻው ላይ ጥፍር የምታክል ሚኒባስ። ፍርሃቱ የፊልሙ ነው፣ መንገዱ የኛ።

ሁሉም ፊልም ላይ የጦሳን ተራራ አምጥተሽ ትከይ ማለቴ ግን አይደለም። የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ ጀርባ ላይ ያደረገ ልጅ አውቃለሁ። ፊልሙ ስለ ባሕር ነበር!

ንድፉን በትንሹ ሥሪው። አንድ ወረቀት ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ 20 ሳጥኖች አሰምራለሁ። በዚያ መጠን ያልታየ ሐሳብ ባነር ላይም አይታይም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ሌላ ቦታ ያየሻቸው ፖስተሮች ናቸው፣ ይውጡልሽ።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ ሁላችንም ጥፋተኞች ነን። ምስሉን እንጨርስና ርዕሱን ኒያላ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ጽፈን እስኪሞላ እንለጥጠዋለን። ወደ ጎን ሲለጠጥ ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግድሙ እንዳለ ይቀራል፣ ወዙ ይጠፋል። ፈረንጅ ርዕሱን በትልልቁ ፊደል ጽፎ እኩል ያሰልፈዋል፤ የኛ ትልቅና ትንሽ የለውም፣ አንዱ እግሩን ይዘረጋል፣ ሌላው አናቱ ላይ ሰረዝ ይሸከማል። ይሄ ችግር አይደለም፣ ሲሳይ ነው። ርዕሱን ከምስሉ ጋር አንድ ላይ ሳዪው። እኔ «ቨርቲጎ» ከሚለው የ«ቲ»ን እግር ወደ ታች ጎትቼ የሐረጎ መንገድ መጀመሪያ አደረግኩት፣ ጥምዙ ሁሉ ከዚያ ይወርዳል። በእጅሽ ጻፊው፣ በስልክ አንሺው፣ ኢሉስትሬተር ላይ በፔን ቱል፣ በመስመር መሳያው፣ ተከተዪው። ደሴ ስትመጪ ደግሞ በብሩሽ የተጻፈ የድሮ ታፔላ ካየሽ ቆም በይ፤ ያ ሰውዬ ፊደል ለጥጦ አያውቅም።

ስለ ሕትመቱ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። የኔን ውርደት ብቻ ልንገርሽ፦ ስክሪን ላይ እሳት የመሰለው ብርቱካናማ ሲታተም የሽሮ መልክ ይዞ መጣ። ፋይሉን በስክሪን ቀለም፣ በአርጂቢ ነበር የላክሁት። ደማቅ ብርቱካናማ በአራቱ የማተሚያ ቀለም አይደረስበትም፣ ከመጀመሪያው በነሱ፣ ሲኤምዋይኬ ላይ ሆነሽ ምረጪው።

ለልምምድ ከሆነ እንደፈለግሽ ሥሪ። ለመሸጥ ካሰብሽ ግን የፊልሙን ባለመብት አስፈቅጂ፤ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራን አሻሽሎ የማውጣት መብቱን የሰጠው ለሥራው ባለቤት ነው።

አሁን አንድ ፊልም ምረጪና 20ዎቹን ሳጥኖች ሞልተሽ ላኪልኝ። ያማሩትን ብቻ መርጠሽ እንዳትልኪ፣ ሁሉንም።