«ዘ ሎብስተር»ን ጫካው ላይ ለተውከው

«ሮማንቲክ ኮሜዲ ነው ብለውኝ ዘ ሎብስተርን ከፈትኩ፤ አንዴም አልሳቅኩም፣ ጫካው ላይ ሲደርስ ተውኩት። ልጨርሰው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሃል።

ጨርሰው ወንድሜ። ሳቁ ያመለጠህ ቀልድ ስትጠብቅ ይመስለኛል። እዚህ ፊልም ላይ ማንም አይቀልድም። ዳይሬክተሩ ዮርጎስ ላንቲሞስ ተዋናዮቹን ቅጽ እንደሚያነብ ሰው ነው የሚያናግራቸው፤ የሚያስቀው የሕጉ ክፋትና የአነጋገሩ ተራነት ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ሆቴል የገባ ብቸኛ ሰው በ45 ቀን ውስጥ ውሃ አጣጭ ካላገኘ ራሱ ወደመረጠው እንስሳ ይለወጣል። ኮሊን ፋረል (ዴቪድ) ሲመዘገብ የጫማ ቁጥሩን ይጠየቃል። 44 ተኩል ይላል። ግማሽ የለም፣ ወይ 44 ወይ 45 ይሉታል። ለእኔ የፊልሙ ቁልፍ ይህች ናት፦ መሃል ላይ መቆም ክልክል ነው። ቀጥሎ ሁለት መሆን ከአንድ እንደሚሻል እንዲገባው አንድ እጁን ወደ ኋላ ያስሩታል፤ በቀረው እጁ ሱሪውን ለማውለቅ ሲታገል ካሜራው ዝም ብሎ ያየዋል። ዘመድ በተሰበሰበበት «ቆሞ ቀር» የተባለ ሰው ይህን ትዕይንት ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል።

ድክመቱ የሚጀምረው አንተ ያቆምክበት ቦታ ነው፤ መሰልቸትህ ትክክል ነው። ሆቴሉ ውስጥ ቀን ይቆጠራል፣ ከጫካ አንድ ብቸኛ (ሸሽቶ እዚያ የሚኖር ሰው) አድኖ የያዘ አንድ ቀን ይጨመርለታል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕይንት ዋጋ አለው። ጫካው ውስጥ ቆጠራው ይቀራል፤ ታሪኩም ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናል። የራቸል ዋይዝ ትረካም በዓይናችን ያየነውን አንዳንዴ ይደግመዋል። የቫዮሊኖቹ ድምፅ ደግሞ ከመጠን በላይ ይመላለሳል፤ ምስሉ ብቻውን ያስደነግጥ ነበር።

ይሁንና ፍቅሩ ያለው እዚያው ጫካ ውስጥ ነው። ብቸኞቹ ዘንድ መዋደድ ስለተከለከለ ዴቪድና ራቸል ዋይዝ የራሳቸውን ምልክት ይፈጥራሉ፦ ራስን ወደ ግራ ማዞር «ከዓለም ሁሉ አብልጬ እወድሃለሁ»፣ ወደ ቀኝ «ተጠንቀቅ፣ አደጋ አለ» ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚናገረው ሌላ ሰው የሰጠውን ቃል ነበር።

ስትመለስ ከጫካው አትጀምር። ዴቪድ ከልበ ደንዳናዋ ሴት ጋር ወደሚጣመርበት ተመለስ፤ ከሆቴሉ ለምን እንደሸሸ ካልገባህ ቀሪው ባዶ ይሆንብሃል። ከሰው ጋር የምታይ ከሆነ አስቀድመህ ንገር፦ ገና ሲከፈት አህያ በጥይት ትመታለች፣ የአንድ ሰው እጅ የዳቦ መጥበሻ ውስጥ ይገባል፣ ውሻም ይሞታል። የውሻው በጣም ከባድ ነው፤ ውሻው የዴቪድ ወንድም ነበርና።

መጨረሻውን አልነግርህም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን የተቀመጠችውን ሴት ፊት እይ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፉትንም መኪኖች። ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ አትዝጋው፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚሰማውን የባሕር ድምፅ ጠብቅ፣ ከዚያ ዴቪድ የትኛውን እንስሳ እንደመረጠ አስታውስ።