ለእንጦጦ ዙር ጠያቂዋ፦ ብርሽን ለአዘጋጅ አትስጪ

ከዱባይ ለአንድ ወር እረፍት መጥተሽ፣ ከታናሽ እህትሽ ጋር እንጦጦን ዞሮ ለምሳ ቤት መድረስ ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ደግሞም ከሃይኪንግ አዘጋጆች ጋር መመዝገብ ይሻላል ወይስ በራሳችን እንሂድ ብለሻል። እህቴ፣ ይቻላል። በራሳችሁ ሂዱ። እኔም የዓረብ አገር ሰው ነበርኩ፣ እኔም የወጣሁት ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ስለዚህ የሚገጥምሽን አውቀዋለሁ። ስለ ጫማና ስለ ውሃ የሚመክርሽ አታጪም፣ እሱን ዘልዬዋለሁ።

1. በመጣሽ ማግስት እንዳትወጪ። ዱባይ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ይጠጋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ዘመድ ጠይቂ፣ ቡና ጠጪ። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ መቆራረጡን ሲተው ያኔ ተነሺ። «ጂም እሠራለሁ» ብትይኝ አልሰማሽም። እኔም እሠራ ነበር።

2. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስድስት ኪሎ ተገኙ። ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ታክሲ አለ። እግራችሁ ከቻለ ግን ከሽሮ ሜዳ በእግር ጀምሩት። በዚያ ሰዓት ሯጮች ሽቅብ ሲያልፏችሁ አትደንግጡ፣ እነ ኃይሌ ገብረሥላሴ የተለማመዱበት ቦታ ነው። ጃኬት ያዙ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም፣ ከላይ ደግሞ ይብሳል። ማርያም ስትደርሱ ተሳልማችሁ፣ በጉብታው መንገድ ወደ ራጉኤል ትሄዳላችሁ። ከዚያ በባሕር ዛፉ ውስጥ በሌላ መንገድ ወደ ከተማው ትወርዳላችሁ። ዙሩ ይኸው ነው።

እንጦጦ ፓርክ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2013 የተከፈተው፣ ፈረሱ፣ ካፌው፣ ብስክሌቱ ያለበት። ደስ ይላል፣ ልጅ ላለው ሰው በተለይ። አንቺ የጠየቅሽው ተራራ መዞር ስለሆነ እሱን ለሌላ ቀን አድርጊው።

3. አዘጋጅ። አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ በቴሌግራም ማስታወቂያ ያየሽው ቢሆንም ባይሆንም ብዙዎቹ አንድ ናቸው። «ሙሉ የእንጦጦ ዙር፣ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ አስጎብኚ፣ ፎቶ» ይላል። የእኔንና የእህቴን በቴሌብር ቀድሜ ከፈልኩ። 12 ሰዓት ተቀጣጠርን። አውቶቡሱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ለምን ዘገያችሁ ስንል «ሰው እየጠበቅን ነው» አሉ። እኛ ታዲያ ምንድን ነን?

ከላይ ስንደርስ ፀሐዩ በርትቷል። ትልቅ ስፒከር ይዘዋል። በዚያ ጫካ ወፍ ሊሰማ የመጣ ሰው ካለ አበቃለት። ቁርስ የተባለው አንድ ቦንቦሊኖና በፕላስቲክ ኩባያ ቀዝቃዛ ሻይ ነው። አስጎብኚ ተብዬውን ማርያም ግቢ ውስጥ ምኒልክ መቼ እንደነገሡ ጠየቅሁት። «ጎግል ላይ አለ» አለኝ! ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው ማርያም ነው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882። እህቴ ከስልኳ ሳይሆን ከትምህርት ቤት አስታውሳ ነገረችው። አጠገቡ ያለውን የድሮውን ቤተ መንግሥት እንኳ በደጁ አሳለፈን።

ከዚያ አንድ ቁልቁል የከተማው እይታ የሚያምርበት ቦታ ወስደው ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። ጭፈራ። ሰባት ሰዓት ላይ «ጊዜ ስላልበቃን ራጉኤልን ለሚቀጥለው» ብለው መለሱን። ማን ነው ጊዜውን የበላው?

ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ ማክሰኞ ቢሮአቸው ሄድኩ። ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ እሱ እንኳ ከጉዟቸው የተሻለ ተራራ ነበር። አንዲት ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ደረሰኝ» አለችኝ። የቴሌብሩን ማረጋገጫ አሳየኋት። «ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም።» እሺ የታተመ ስጪኛ፣ ገንዘቡ የገባው ለናንተ ነው። «ሥራ አስኪያጁ ነው የሚፈርመው።» የት ነው? «ፊልድ ወጥቷል።» መቼ ይመለሳል? «እዚህ ጋ ቆመሽ ሥራ አታስፈቺን።» እኔ ሥራ አስፈታሁ! ዓረብ አገር ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ እንደዚያ ያናገረኝ ጥቂት ነው። ተመላልሼ መጨረሻ ላይ የሰጡኝ «ለቀጣይ ጉዞ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ነው። እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትቼላት ወጣሁ።

በሳምንቱ ከእህቴ ጋር ብቻችንን ወጣን። ማርያም አካባቢ ከሚኖሩ ልጆች አንዱን መንገድ እንዲያሳየን ያዝን፣ ዋጋውን ገና ከመነሳታችን ተስማማን። ልጁ ከዚያ አስጎብኚ አሥር እጥፍ ያውቃል። ጉብታው ላይ አቁሞን «ወደዚህ የወረደው ዝናብ አዋሽ ይገባል፣ ወደ ሱሉልታ የወረደው አባይ» አለን። እውነቱን ነው፣ ያ ጉብታ የሁለቱ ተፋሰስ ድንበር ነው። እህቴ አንድ እግሯን እዚህ አንድ እግሯን እዚያ አድርጋ ፎቶ ተነሳች። ራጉኤል ደርሰን፣ ዞረን፣ ከምሳ በፊት ሽሮ ሜዳ ነበርን። እና ምን ብናይ ጥሩ ነው? የነዚያ አውቶቡስ ዳር ይዞ ቆሞ ገና ሰው ይጠብቃል። እጄን አውለበለብኩላቸው።

አሁን ከውጭ የሚመጡ ጓደኞቼን እኔው ነኝ የማወጣቸው፣ በነፃ። የሃያ ዓመት ልጆች «ቀስ በይ እንጂ» ይሉኛል።

4 ብዬ የምጽፈው ብዙ ነበር፣ አጠር ላድርገው። ሰው በሌለበት ጥግ ሁለት ሴት ብቻችሁን አትሂዱ፣ ልጁ ለመንገድ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል። ስልክ እጅ ላይ አይውለብለብ። ሲመሽ እዚያ እንዳትገኙ፣ ጅብ አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጥ ደርቆ መሬቱ ላይ ሲነጠፍ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ እኔ የማየው ሰው ሁሉ የሚወድቀው ሲወርድ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሟችሁ ዳር የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ያን ሸክም ይዞ መቆም ከመሄድ ይከብዳል። ጠበል የመጡ ሰዎችን ፎቶ እንዳታነሱ፣ በሩቁም ቢሆን። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ነጠላ በቦርሳ ያዙ። እሑድ ከሆነ ቅዳሴ ስላለ ታክሲው ይጨናነቃል፣ ቅዳሜ ይሻላችኋል።

ነጠላ ከሌለሽ ሽሮ ሜዳ ሞልቷል፣ ግን በዋዜማው ግዢው፣ በዚያ ጠዋት ሱቁ አይከፈትም። ዋጋ እህትሽ ትጠይቅ። አንቺ «ስንት ድርሃም ነው» ብለሽ በሐሳብሽ ስታሰይ ፊትሽ ላይ ያነቡታል።