ስፌቱ ካለቀ በኋላ ያለውን ሥራ አትናቁት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የግላኮማ (ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ባለ ከፍተኛ ግፊት የእይታን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ኦፕራሲዮን መሥራት ለጀመራችሁ ወጣት ሐኪሞች ነው።

በሌላው ቀዶ ሕክምና ቁስል ቶሎ ሲጠግግ ደስ ይለናል። ትራቤኩሌክቶሚ በምንለው የግላኮማ ኦፕራሲዮን ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዲወጣ የከፈትነውን መንገድ ሰውነት እንደማንኛውም ቁስል ቆጥሮ በጠባሳ ሊደፍነው ይነሳል፤ ከተሳካለት ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ለዓመታት ጠብታ ሲያደርግ የኖረ፣ ዓይኑ የቀላ፣ በዕድሜ ወጣት የሆነ ታካሚ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥቁሮችም ለጠባሳው የበለጠ የተጋለጥን ነን፣ ስለዚህ ለእኛ ታካሚዎች ጉዳዩ ቀልድ አይደለም።

በኦፕራሲዮኑ ጊዜ በስፖንጅ የምናደርገው ማይቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ጠባሳ የሚሠሩት ሴሎች እንዳይራቡ ያግዳል። እሱን ተማምናችሁ ግን እጃችሁ አይሻክር። ኮንጃንክታይቫውን (የዓይኑን ነጭ ክፍል የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን) አትጎትቱት፣ ደሙን በደንብ አቁሙ። ስፖንጁን ወደ ኋላ ሰፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የተቆረጠውን ጠርዝ አይንካ። ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ከተደረገ ዙሪያው በጠባሳ ይታጠርና መሃሉ ሳስቶ ሊያፈስ ይችላል። ስፖንጆቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ፣ ከዚያ በብዙ ፈሳሽ እጠቡ። (ቆጠራውን የሚዘል ሰው አይቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው።)

ዋናው ትግል ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በስሊት ላምፕ፣ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ፣ ስታዩ የግፊቱን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ። ግፊቱ 12 ሆኖ ብሌቡ (የወጣው ፈሳሽ ከሽፋኑ ሥር የሚጠራቀምበት እብጠት) ላይ ያሉት የደም ሥሮች ከበዙና ከተጠማዘዙ፣ ሽፋኑም እየወፈረ ከሆነ፣ ጠባሳው ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ግፊቱ እስኪወጣ ምን ያስጠብቃችኋል? የስቴሮይድ ጠብታውን ጨምሩ፣ ፋይቭ ኤፍዩ የተባለውን ጠባሳ የሚከላከል መድኃኒት መውጋት ያስፈልግ እንደሆነ አስቡ፣ ስፌት መልቀቅ ካለባችሁም ጊዜው ሳያልፍ ልቀቁ። ብሌቡ ከተዘጋ በኋላ በመርፌ መክፈት ይቻላል፤ ቀድሞ መድረስ ግን በጣም ይቀላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈን መድኃኒት ማጣት ሳይሆን የታካሚው መጥፋት ነው። ካታራክት (የዓይን ሞራ) ያስወጣ ጎረቤቱ በማግስቱ ሲያይ አይቷል፣ እሱ ደግሞ ኦፕራሲዮን ሆኖ እይታው ምንም አልተሻሻለም፣ እንዲያውም ለጊዜው ብዥ ብሎበታል፣ በዚያ ላይ ከሩቅ ለመጣ ሰው የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያው ወጪ አለ። ቢቀር ይፈረድበታል? ስለዚህ ገና ኦፕራሲዮን ሳታደርጉት፣ አስታማሚውንም አስቀምጣችሁ፣ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የምንሠራው የቀረውን ለማቆየት እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። መቅላቱ ሲጠፋ ጠብታውን በራሱ እንዳያቆም አስጠንቅቁት፤ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በእናንተ ትእዛዝ ነው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም ዓይናር ከበዛበት በዚያው ቀን ይምጣ፤ የሳሳ ብሌብ ኢንፌክሽን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ እንዲህ ያለው ደግሞ ለነገ አይባልም።