«በጋራ ስምምነት» የሚለው ወረቀት ላይ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የዳታ ባለሙያ ነኝ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ በ12 ወር ኮንትራት ገብቼ ነው የምሠራው፣ ቋሚ አይደለሁም፣ በየወሩ ኢንቮይስ አስገብቼ ነው የሚከፈለኝ። ያስገባኝ የኦፕሬሽን ኃላፊው ነው፣ ሥራዬም ትዕዛዝ የት የት ጋ እንደሚዘገይ በየሳምንቱ የሚያሳይ ዳሽቦርድ መሥራት ነበር። ሠራሁት። ችግሩ ዳሽቦርዱ ሲከፈት መዘግየቱ በአብዛኛው ፋይናንስ ክፍል ሆኖ ቁጭ አለ። እኔም ዋና ሥራ አስኪያጁ ያለበት ትልቅ ሚቲንግ ላይ በስክሪን አቀረብኩት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፋይናንስ ኃላፊው ጥርስ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ ሰላምታ ቀረ፣ ቀጥሎ ከሚቲንግ ጥሪ ላይ ስሜ ጠፋ፣ ከዚያ «ዳታዋ ትክክል አይደለም» የሚል ወሬ ከሌላ ሰው ሰማሁ፣ የትኛው ቁጥር ነው የተሳሳተው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። በ6ኛው ወር ያስገባኝ ኃላፊ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፣ ፕሮጀክቱ ለማን ተሰጠ መሰልዎ? ለፋይናንስ።

ባለፈው አርብ የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ለ15 ደቂቃ ተጠራሁና «በበጀት ምክንያት ኮንትራትሽ በዚህ ወር መጨረሻ ይቆማል» ተባልኩ፣ ወሩ ሊያልቅ 9 ቀን ነበር የቀረው። ኮንትራቴ ደግሞ ማንኛውም ወገን በ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይችላል ነው የሚለው። የሰጡኝ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ይልቅ «ውሉ በጋራ ስምምነት ተቋርጧል» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት አውጥተው ፈርሚ አሉኝ፣ ላስብበት ብዬ ይዤው ወጣሁ። ያልተከፈለኝ የ2 ወር ኢንቮይስ አለ። በዚያ ላይ የፋይናንስ ኃላፊው ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) «ይቺን ልጅ እስከ ወር መጨረሻ አስወጧት» ብሎ የጻፈው ኢሜይል በስህተት ፎርዋርድ ሆኖ እኔ ጋ መጥቷል። ለዋና ሥራ አስኪያጁ ልላከው? ወረቀቱንስ ልፈርም? ለቀጣዩ ቀጣሪስ ምን ልበል? እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሆነኝ።
ዳሽቦርዷ

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትፈርሚ ይዘሽው መውጣትሽ ጎበዝ። እስቲ አሁን ያንን ወረቀት አውጪና የመጀመሪያውን አንቀጽ ዝለይው፣ እዚያ ያለው ላበረከትሽው አስተዋጽኦ ምስጋና ምናምን ነው የሚሆነው። ወረድ በይና «ከዚህ በኋላ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለም» የምትመስል ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አለች፣ መሀል ላይ ድምጿን አጥፍታ ነው የምትቀመጠው፣ የሁለት ወር ኢንቮይስሽን ይዛ የምትሄደውም እሷ ነች። ባትኖር እንኳ «በጋራ ስምምነት» ማለት አንቺም ፈልገሽ ወጣሽ ማለት ነው፣ ፈልጎ ለወጣ ሰው ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ማን ይሰጠዋል? ስለዚህ እንዳለ አትፈርሚው። ነገ ጠርተው ካስጨነቁሽ ደረሰኝ ብሎ መፈረምና ተስማማሁ ብሎ መፈረም ይለያያል፣ ከፊርማሽ በላይ በእጅሽ «መድረሱን ለማረጋገጥ ብቻ» ብለሽ ቀን ጻፊበት። እሱንም አይሆንም ካሉ አለመፈረም ወንጀል አይደለም፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

አሁን ደግሞ የማይጥምሽን ልንገርሽ። 12 ወር በሚል ኮንትራት ውስጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚል አንቀጽ ካለ ያ ኮንትራት በእጅሽ ያለው ለ30 ቀን ነው፣ 12 የሚለው ጣሪያው ነው እንጂ ወለሉ አይደለም። ብዙዎቻችን ስንፈርም 12ን አይተን ነው ሂሳብ የምንሠራው፣ ቤት ኪራዩንም ብድሩንም በዚያ እናሰላለን። ይሄ ያለ ጥፋት ማቋረጥ የሚባል ነገር አመጣጡ ራሱ ከጦርነት ጋር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ጦርነት ሲያልቅ ያዘዘውን ጥይትና መርከብ በቃኝ ማለት ነበረበት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እነዚያ የጦርነት ኮንትራቶች እንዴት እንደሚዘጉ የሚደነግግ ሕግ ሁሉ አውጥቷል። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ምክንያት ሳትሰጥ ማቆም ትችላለህ፣ እስካሁን የተሠራውን ግን ትከፍላለህ፣ ወደፊት ሊገኝ የነበረውን ትርፍ ግን አትጠየቅም። ዛሬ የእኔና ያንቺ ዓይነት ኮንትራት ላይ ያለውም አንቀጽ መንፈሱ ያው ነው። ስለዚህ የቀሩትን 5 ወራት ክፈሉኝ ብለሽ ጉልበትሽን አትጨርሺ፣ አንቀጹ ካለ አብዛኛውን ጊዜ አያስኬድም። የሚያስኬደው ሌላ ነው። የሁለቱ ኢንቮይስ ገንዘብ፣ የዚህ ወር ሥራሽ፣ ከዚያ የ30 ቀኑ ጊዜ። ውሉ «በጽሑፍ» ካለ አርብ ዕለት በአፍ የተነገረሽ ነገር ቆጣሪውን አላስጀመረም ብለሽ መሞገት ትችያለሽ፣ 9 ቀን ደግሞ በማንም ሂሳብ 30 አይሆንም።

በነገራችን ላይ የግንባታ ሰዎች በዚህ ከኛ ይሻላሉ። ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል «ቀዩ መጽሐፍ» በሚባለው እ.ኤ.አ. የ1999 እትሙ ንዑስ አንቀጽ 15.5 ላይ አሠሪው በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ ይችላል ይልና ወዲያው ሥራውን ለሌላ ተቋራጭ ልስጥ ወይ ራሴ ልሥራው ብሎ ግን ማቋረጥ አይችልም ይላል። አየሽ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች፣ የኛ ኮንትራት ላይ ግን ማንም ጠይቆ አያስገባትም። በሚቀጥለው ስትዋዋዪ እሷን ባይሰጡሽ እንኳ ማስጠንቀቂያው 60 ቀን ይሁን ብለሽ ጠይቂ፣ ያኔ ገና ስለሚፈልጉሽ ይሰሙሻል።

ሌላ አጭር ነገር። ኮንትራክተር ስለተባልሽ ብቻ ኮንትራክተር ነሽ ማለት አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው 198ኛው ምክረ ሐሳብ ላይ የሚታየው የወረቀቱ ስም ሳይሆን በተግባር ያለው ግንኙነት ነው ይላል፣ የሥራ ሰዓትሽን ማን ይወስናል፣ ላፕቶፑ የማን ነው፣ ፈቃድ ከማን ትጠይቂያለሽ፣ ከእነሱ ሌላ ገቢ አለሽ ወይ። ምክረ ሐሳብ ስለሆነ በራሱ ሕግ አይደለም ግን በብዙ አገር ፍርድ ቤቶች በዚህ ዓይን ነው የሚያዩት። መልሶችሽ ሁሉ ወደ እነሱ የሚያጋድሉ ከሆነ ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት አንድ የሥራ ሕግ ጠበቃ ጋ ገብተሽ ውሉን አስነብቢው።

ወደ ፖለቲካው ልምጣ፣ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። የሆነው ነገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። የፋይናንሱ ሰውዬ ጠቡ ከኦፕሬሽን ኃላፊው ጋር ነበር፣ እሱን በኢሜይል ማስወጣት አይችልም፣ አንቺን ግን ይችላል፣ ቋሚ ሠራተኛ ለማስወጣት ስንት ደብዳቤና ስብሰባ ይፈልጋል፣ አንቺን ለማስወጣት 15 ደቂቃ በቃው። ስለዚህ ሥራዬ ደካማ ነው ወይ እያልሽ ራስሽን አትብዪ፣ ሥራሽ ደካማ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልፈራው ነበር።

ግን እውነቱን ልንገርሽ? አንድ ቦታ ላይ አጥፍተሻል። ማንም ሰው ጉዱን አለቃው ፊት፣ በስክሪን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት አይወድም። ሚቲንጉ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮው ሄደሽ «ነገ ከነገ ወዲያ ይሄ ይወጣል፣ ቁጥሩን አብረን እንየው፣ እኔ የማላውቀው ምክንያት ካለ ንገረኝ» ብትዪው ምናልባት ያኔም ይጠላሽ ነበር፣ ግን «ዳታዋ ትክክል አይደለም» ለማለት አፉ ይያዛል ምክንያቱም አብሮሽ አይቶታል። ምናልባትም በእርግጥ ምክንያት ነበረው፣ ክፍያ የሚያዘው ደረሰኝ ሳይሟላ ስለሚላክለት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ዳሽቦርዱ ራሱ ይሻሻል ነበር። ይሄን ልወቅስሽ አይደለም፣ ያስገባሽ ኃላፊ ነበር ሊነግርሽ የሚገባው፣ እሱ ግን አንቺን ፊት አድርጎ እሱ ከኋላ ቆመ።

ኢሜይሉን አትላኪው። አውቃለሁ እጅሽ እንደሚያሳክክሽ። እኔ ራሴ አንዴ ኮንትራቴ በ4ኛው ወር ተቋርጦብኝ ያውቃል፣ ጠዋት መጥቼ ባጄን ሳስጠጋ ቀይ አበራ፣ ደግሜ አስጠጋሁት ቀይ። በር ላይ ያለው ጥበቃ በየቀኑ «አንተ ዛሬም አረፈድክ» እያለ የሚቀልደኝ ልጅ ነው፣ የዛን ቀን ጫማውን እያየ «ትንሽ ይጠብቁ ተብሏል» አለኝ። ይጠብቁ! ከደብዳቤው ሁሉ ያቺ «ይጠብቁ» ነች እስከዛሬ የምትሰማኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ማን ምን እንዳደረገ በቀንና በሰዓት ዘርዝሬ 3 ገጽ ኢሜይል ጻፍኩና 14 ሰው ሲሲ አድርጌ ላክሁት። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ከ14ቱ አንዷ ግን የኔን ኢንቮይስ የምታጸድቀው ልጅ ነበረች፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳላስበው እሷንም ነክቻታለሁ። ያ ኢንቮይስ 4 ወር ፈጀ፣ በሄድኩ ቁጥር አንድ ፊርማ ይጎድለዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ።

ያንቺ ኢሜይል ደግሞ ከዚያም ይብሳል፣ ያንቺ ስላልሆነ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰውዬው ለምን ጻፈው ሳይሆን አንቺ ጋ እንዴት ደረሰ ነው። አትሰርዢው፣ ወደ ግል ኢሜይልሽም አትላኪው፣ መቼና ከማን እንደመጣ ማስታወሻ ያዢ፣ ነገሩ ጠበቃ ጋ ከደረሰ ያኔ ንገሪው፣ ምን እንደሚደረግ እሱ ያውቃል።

በምትኩ የምትልኪው ይሄን ነው፣ ለኤችአርና ውሉን ለፈረመው ሰው ብቻ፦

«ባለፈው አርብ ውሉ በወሩ መጨረሻ እንደሚቋረጥ በቃል ተነግሮኛል። በውሉ መሠረት ለማቋረጥ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለሚያስፈልግ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ እንዲላክልኝና ጊዜውም ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራዬን ለመቀጠልና ርክክብ ለማድረግ ዝግጁ ነኝ። ያልተከፈሉ ሁለት ኢንቮይሶችን አያይዣለሁ፣ የሚከፈሉበትን ቀን እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»

በቃ። ስለ ፋይናንስ አንድ ቃል የለም፣ አዝኛለሁ የሚል የለም። «ዝግጁ ነኝ» የምትለዋን ግን እንዳትዘያት፣ ነገ ራሷ ናት ሥራ ያቆመችው እንዳይሉሽ ነው። ከመላክሽ በፊት ኢንቮይሶቹን ያጸደቀልሽ ሰው ያለበትን ኢሜይል ፈልጊና አብረሽ አያይዢ፣ የተጸደቀ ኢንቮይስና ያልተጸደቀ ኢንቮይስ ሰማይና ምድር ናቸው።

ርክክቡን አሳምሪው። ፋይሎቹ የት እንዳሉ፣ ፓስወርዱ፣ በየሳምንቱ የሚበላሸው ቦታ የቱ እንደሆነ ጻፊና የተረከበው ሰው ይፈርምልሽ። ካልከፈላችሁኝ ፓስወርዱን አልሰጥም የሚል ምክር የሚሰጥሽ ሰው አይጠፋም፣ እንዳትሰሚው፣ ያን ቀን ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ትዞሪያለሽ። ይዘሽ የምትወጪው ውልሽንና ኢንቮይሶችሽን ነው፣ የድርጅቱን ዳታ በፍላሽ አትገልብጪ።

ለቀጣዩ ቀጣሪ ደግሞ «ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ኮንትራቱ ቀድሞ ተዘጋ፣ ዳሽቦርዱን ጨርሼ አስረክቤያለሁ» በይ፣ ውሸት የለበትም። ከጠየቁሽ ብቻ ትቀጥያለሽ። የተዛወረው ኃላፊሽ ጋ ዛሬውኑ ደውዪና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፍልኝ በዪው፣ ትንሽ ሳይጸጽተው አይቀርም፣ ጸጸቱ ሳይቀዘቅዝ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ ኮንትራት ሊያልቅ 2 ወር ቀርቶታል። ቢሮው ሁለት ጎራ ነው፣ ሁለቱም ሊያስጠጉኝ ይፈልጋሉ፣ የሚያድሰው ማን እንደሚሆን ስላላወቅኩ ከሁለቱም ጋር እየሳቅኩ ነው። ከማን ልወግን?
መሀል ሰፋሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሀል መስፈሩ ጥሩ ነው፣ ሳቁ ነው ያልጣመኝ። ሐሜት ላይ የሳቀ ሰው «እሱም ብሏል» ተብሎ ነው የሚጠቀሰው፣ ሁለቱ ሲታረቁ ደግሞ (ይታረቃሉ፣ ቋሚ ናቸው) አንተ ብቻ ትቀራለህ። ወሬ ሲጀመር ስልክ ይደወልልህ። ከዚያ ኮንትራትህ ሥር የማን ፊርማ እንዳለ እይና ለእሱ ብቻ «ይታደሳል ወይስ አይታደስም፣ እስከዚህ ቀን ባውቅ» ብለህ በኢሜይል ጠይቅ። በጽሑፍ እስኪመልሱልህ አይታደስም ብለህ ሲቪህን መላክ ጀምር። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያለ አዲስ ወረቀት አንድ ቀን እንዳትሠራ፣ «ፊርማ ላይ ነው ያለው» ቢሉህም።