«ወንድ አይደለህ እንዴ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ነርስ ነኝ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አስከሬን ማንሳት ሲመጣ «ወንዶቹ ኑ» ነበር የሚባለው። አንድ ሌሊት አንድ አባት «ልጄ፣ ቄስ ጥራልኝ» አሉኝ። ከውጭ ሰው አይገባም ነበር። በጓንት የተሸፈነ እጄን እንደያዙ አረፉ። ዛሬም ድምፃቸው ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ለጓደኛዬ ባወራው «ወንድ አይደለህ እንዴ? ጸልይበት» አለኝ። የሳቸው ነገር በእኔ ይጠየቅ ይሆን? የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ብሄድስ እምነት ማነስ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ እኚያ አባት። የ2012 ፋሲካን እኮ ጤነኞቹም ብዙዎቻችን ቤታችን ተቀምጠን በቴሌቪዥን ነው ያስቀደስነው። ያልከለከልከው ነገር በአንተ አይጠየቅም። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ቄስ አልነበረውም፤ «አስበኝ» አለ፣ ገነት ገባ። ቄስ ጥራልኝ ያለ ሰው ልቡ የት እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

አሁን ወደ አንተ። ሕመምተኛው ሴቷን «ሲስተር» ይላታል፤ አንተን ግን ወይ «ዶክተር» ይልሃል ወይ «ስማ ወንድም»። የሥራህ ስም እንኳ በወጉ አልወጣለትም፤ ድካምህን ማን ያይልሃል?

ዮሴፍን አስበው። የግብፅ ገዥ ነው። ወንድሙን ብንያምን ሲያይ አንጀቱ ተላወሰ፤ እልፍኙ ገብቶ አለቀሰ፣ ፊቱን ታጥቦ ወጣ፣ ራሱን ገታ፣ «እንጀራ አቅርቡ» አለ (ዘፍ. 43)። ይሄ የአንተ ተረኛ ሌሊት አይደለም? መታጠቢያ ቤት አልቅሰህ፣ ፊትህን አብሰህ፣ ወደ ቀጣዩ አልጋ። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ መግታት አቃተው፤ ጮኾ አለቀሰ፣ ግብፃውያን ሁሉ ሰሙት። መጽሐፍ ስላለቀሰ አልነቀፈውም።

ኤልያስም «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ክትክታ ዛፍ ሥር ተኛ። መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ተመልሶ ተኛ፣ እንደገና አበላው። ስለዚህ እንቅልፍ እምቢ ባለህ ቁጥር «ስግደት ጨምርበት» የሚልህን እለፈው። አባታችን ሆይ ብለህ ጋደም በል። የኤልያስ ዓይነት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ለነገ አታሳድር፤ ለምታምነው ሰው ንገር፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ይህን ለሌላው ሲሆን አምነህበታል፤ ለራስህ ሲሆን ለምን ይከብድሃል? «አማኑኤል ገባ» እንዳይሉህ ፈርተህ ከሆነ፣ ይበሉ። ንስሐ አባትህ ለኃጢአትህ ናቸው፤ ይሄ ግን ቁስል ነው። ቁስል ደግሞ ሲታሰር ታውቃለህ።

ሁለቱንም ያዝ፣ አንዱን ከአንዱ አትደብቅ። ለሐኪሙ ጾመኛ መሆንህን ንገረው። መድኃኒት ካዘዘልህ፣ ስለ ጾሙ ሰዓት ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። የእኚያን አባት ስመ ክርስትና የምታውቀው ከሆነም ለካህኑ ስጠው፤ በቅዳሴ ያስቧቸዋል።