«ኢዴ» የሚለው ጭራ ምን ይነግረናል?

እህቴ፣ «ኮሶም ቢልሃርዝያም ጠፍጣፋ ትል ከሆኑ ለምን አስተኔያቸው ተለያየ? መጨረሻው ‹ኢዴ› የሆነ ስም መሸምደድስ ምን ይጠቅማል?» ብለሻል። ብዙ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ወገን (ጂነስ) ተቀራራቢ ዝርያዎችን፣ አስተኔ (ፋሚሊ) ደግሞ ተቀራራቢ ወገኖችን የሚሰበስብ ምድብ ነው። የአስተኔ ስም የሚወጣው ከአንድ ወገን ስም ነው። በቃሉ ሥር ላይ «ኢዴ» ይጨመራል። የኮሶው ወገን ቴኒያ ቴኒኢዴ ይሆናል፣ የጉበት ትሉ ፋሲዮላ ፋሲዮሊዴ። የቢልሃርዝያው ትል ሺስቶሶማ ግን ሺስቶሶማቲዴ ነው። «ሶማ» በግሪክ አካል ማለት ሲሆን፣ ሲረባ «ሶማት» ስለሚሆን ነው። ስሙ «የተሰነጠቀ አካል» እንደ ማለት ነው፤ ወንዱ ሰውነቱን እንደ ቦይ አጥፎ ሴቷን እዚያ ውስጥ ይይዛታል። መኖሪያቸውም ደም ሥር ውስጥ ነው። ኮሶ ደግሞ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ አንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው፣ የራሱ አንጀት እንኳ የለውም። ታዲያ እንዴት አንድ አስተኔ ይሁኑ?

ቢልሃርዝያ የሚለው ስም የመጣው ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ላይ ካገኘው ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሳይንሱ ግን በ1858 የወጣው ሺስቶሶማ የሚለው ስም ጸና። ለበሽታው ቢልሃርዝያ የሚለው አጠራር ቀረለት።

አሁን ወደ ጥቅሙ። ጀማሪ ሳለሁ ሰገራ ውስጥ እንቁላል አየሁና «ቴኒያ ሳጂናታ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ወረቀቱን መለሱልኝ። «እንቁላሉ ስሙን ነገረህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከከብት ሥጋ የሚይዘን ሳጂናታ፣ ከአሳማ የሚይዘው ሶሊየም፣ የውሻው ኤኪኖኮከስም ጭምር የቴኒኢዴ ልጆች ናቸው። እንቁላላቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም፤ ሁሉም ክብ፣ ወፍራም ቅርፊት ያለው፣ ውስጡ ስድስት መንጠቆ ነው። እንቁላል ብቻ ካየሽ በሐቅ መጻፍ የምትችዪው «የቴኒኢዴ እንቁላል» ብለሽ ነው፣ ከዚያ አትለፊ። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የሶሊየም እንቁላል ሰው ሆድ ከገባ ከውስጡ የሚወጣው እጭ (ገና ያላደገው ትል) አንጎል ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ የሳጂናታ እንዲህ አያደርግም።

መለያው ከትሉ ተቆርጦ የሚወጣው ቁራጭ ነው። እኛ አገር ሰው «ኮሶ ታየኝ» ብሎ ሲመጣ የታየው እሱ ነው። በብልቃጥ ይዞ እንዲመጣ ንገሪው። በሁለት መስታወት መሃል ጨፍልቀሽ ከማህፀኑ ግንድ በአንድ ጎን የወጡትን ቅርንጫፎች ቁጠሪ። 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሳጂናታ ነው፣ 13 እና ከዚያ በታች ከሆኑ ሶሊየም። ጓንት ሳታደርጊ ግን እንዳትነኪው።